መዝገበ ቃላት እንደ ምስክርና እንደ ባለጉዳይ፦ ስለ ሆብስቦም የብሔርተኝነት ታሪክ የቀረበ ሂስ

ብሔርተኝነት በዘመናዊው የአውሮፓ ታሪክ ውስጥ ከየት እንደ መነጨና እንዴት እንደ ተስፋፋ ለማስረዳት በሃያኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግድም በርካታ መጻሕፍት ተጽፈዋል። ኤርነስት ጌልነርና ቤኔዲክት አንደርሰን በ1983፣ አንቶኒ ስሚዝ በ1986 ያሳተሟቸው ሥራዎች ከዋነኞቹ ይቈጠራሉ። ከእነዚህ ሁሉ ግን ለቃላት አጥኚውና ለተርጓሚው ይበልጥ የሚቀርበው እንግሊዛዊው የታሪክ ሊቅ ኤሪክ ሆብስቦም በ1985 በቤልፋስት በሰጧቸው ንግግሮች ላይ ተመሥርተው በ1990 ያሳተሙት፣ በ1992ም አሻሽለው ያወጡት መጽሐፍ ነው። ደራሲው በመጀመሪያው ምዕራፋቸው ከሚያቀርቧቸው ምስክሮች ዋነኛው መዝገበ ቃላት ነው። ስለዚህ መጽሐፉን በሙያችን ሚዛን ልንመዝነው መብቱም ግዴታውም አለብን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ከተባለባቸው በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ችግር ይገጥመናል። የመጽሐፉን ርእስ ወደ አማርኛ ለመመለስ ብንሞክር፣ መጽሐፉ በሁለት መቶ ገጾች ያህል የሚከራከርበትን ነገር ገና በሽፋኑ ላይ ወስነን ልንገባ ነው። «ብሔሮችና ብሔርተኝነት ከ1780 ወዲህ» ብንል አንድ ዐይነት መልስ ሰጠን ማለት ነው፤ «መንግሥታት» ወይም «ሕዝቦች» ብንልም ሌላ መልስ ሰጠን። ስለ ሆነም ጥያቄውን እስክንመረምር ድረስ የአውሮፓውን ቃል ራሱን በፈረንሳይኛው አነጋገር «ናሲዮን» እያልን እንቀጥላለን።

1. የመጽሐፉ ክርክር

የሆብስቦም መሠረታዊ ሐሳብ በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው። ናሲዮን ከጥንት ጀምሮ ያለ፣ ተኝቶ ቈይቶ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የነቃ ነገር አይደለም፤ ዘመናዊው መንግሥትና የብሔርተኝነት እንቅስቃሴ የፈጠሩት አዲስ የማኅበራዊ ኑሮ ቅርጽ ነው። ብሔርተኝነት ማለትም፣ ደራሲው ከጌልነር በወሰዱት ብያኔ መሠረት፣ የመንግሥት ወሰንና የናሲዮን ወሰን አንድ ይሁን የሚል የፖለቲካ መርሕ ነው። ናሲዮን ከላይ የሚታነጽ ቢሆንም ከታች፣ ማለት ከተራው ሰው ተስፋና ፍላጎት አንጻር ካልታየ ሊገባን አይችልም ይላሉ።

በዚህ መሠረት ታሪኩን በየዘመኑ ይከፍሉታል። ከ1789ኙ የፈረንሳይ አብዮት የወጣው ናሲዮን የዜጎች አካል ነበር። ከ1830 እስከ 1880 ባለው ጊዜ የለዘብተኞቹ አመለካከት ገነነ፤ ራሱን ለመቻል የሚበቃ ስፋትና የሕዝብ ብዛት ያለው ብቻ ናሲዮን ሊሆን ይገባዋል የሚል ነበር። ከ1880 እስከ 1914 ደግሞ ይህ የመጠን ወሰን ተጣለ፤ ትንሽም ቢሆን የራሱ ቋንቋና የዘር ሐረግ አለኝ የሚል ወገን ሁሉ የራሱን መንግሥት ለመጠየቅ ተነሣ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ መርሕ የአውሮፓን ካርታ ለመሣል ዋና መለኪያ ሆነ።

ክርክሩ ጥርት ያለ ነው፤ ማስረጃውም ሰፊ ነው። በተለይ ናሲዮን የሚለው ቃል በየዘመኑ ይዘቱን የለወጠ መሆኑን ማሳየታቸው ለማንኛውም ተርጓሚ ትምህርት ነው። እንዲያውም ከ1789 በፊት ወደ ኋላ ብንሄድ የቃሉ ልዩነት የባሰ ይሰፋል። ቃሉ «መወለድ» ከሚል የላቲን ግስ የወጣ ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ «የእንግሊዝ ናሲዮን» በሚባለው የተማሪዎችና የመምህራን ቡድን ውስጥ ጀርመኖችና ስካንዲኔቪያውያን ጭምር ይቈጠሩ ነበር። በሀንጋሪ ደግሞ «የሀንጋሪ ናሲዮን» ማለት መኳንንቱ ማለት ነበር፤ አንድ መኰንን ስላቭኛ ወይም ጀርመንኛ ቢናገር ከዚህ አካል አይወጣም፤ ማጃርኛ ብቻ የሚናገር ገበሬም አይገባበትም። የሀንጋሪ ምክር ቤትና አስተዳደር በአመዛኙ በላቲን ሲሠራ ቈይቶ ማጃርኛ የመንግሥት ቋንቋ መሆኑ በሕግ የተረጋገጠው በ1844 ነው።

2. የስፔን አካዳሚ ምስክርነት

ሆብስቦም በምስክርነት የጠሩት የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚን መዝገበ ቃላት ነው። አካዳሚው በ1713 ተቋቁሞ የመጀመሪያውን መዝገበ ቃላት ከ1726 ጀምሮ አሳተመ። እስከ 1884ቱ እትም ድረስ «ናሲዮን» ማለት የአንድ አውራጃ፣ የአንድ አገር ወይም የአንድ ንጉሥ ግዛት ነዋሪዎች ድምር ማለት ነበር፤ ከዚህም ጋር «የውጭ አገር ሰው» የሚል ፍቺ ነበረው። በ1884 ግን አንድ የበላይ የጋራ መንግሥትን የሚያውቅ የፖለቲካ አካል የሚል ፍቺ ገባ። «የናሲዮን ቋንቋ» የሚለውም ሐረግ ከአውራጃ ቋንቋዎች የተለየ የመንግሥትና የሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ተብሎ የተተረጐመው በዚሁ እትም ነው። «ፓትሪያ» ወይም የትውልድ አገር የሚለው ቃል ደግሞ አስቀድሞ ሰው የተወለደበትን መንደርና ቀዬ ሲያመለክት ቈይቶ፣ አርበኞች በፍቅርና በታማኝነት የሚያከብሩት የራሳችን ናሲዮን የሚል ይዘት የተሰጠው በ1925 ነው።

ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ «አገርህ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ የሚጠበቀውም መልስ መንዝ፣ ጐንደር፣ ወለጋ ወይም ከምባታ የሚል እንጂ ኢትዮጵያ የሚል አይደለም። ያው ሰው ባሕር ማዶ ሲሄድ «አገሬ» ሲል ኢትዮጵያን ማለቱ ነው። ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ቃል ውስጥ ሳይጣሉ ይኖራሉ። የ1726ቱ ስፔናዊና የ1925ቱ ስፔናዊ በአማርኛችን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል ማለት ነው።

3. ምስክሩ ዘግይቶ ደርሷል

ሆኖም ምስክርን የሚያቀርብ ሰው ምስክሩ መቼና ከየት ሆኖ እንዳየ መጠየቅ ይገባዋል። የመጀመሪያው ሂሳችን ከዚህ ላይ ይነሣል። በ1812 በካዲዝ ከተማ የወጣው የስፔን ሕገ መንግሥት ገና በመጀመሪያው አንቀጹ የስፔንን ናሲዮን በሁለቱ ንፍቀ ክበብ የሚገኙ ስፔናውያን ሁሉ አንድነት አድርጎ ይበይነዋል፤ በሦስተኛው አንቀጽም የበላይ ሥልጣን በመሠረቱ የናሲዮን መሆኑን ይደነግጋል። እንግዲህ አካዳሚው ዘመናዊውን ፍቺ ከመመዝገቡ ከ72 ዓመት በፊት ቃሉ በዚያው አገር፣ በዚያው ቋንቋ፣ ከሕግ ሁሉ በላይ በሆነው ሰነድ ላይ በዚሁ ትርጕም ሠርቶ ነበር።

የሆብስቦም መደምደሚያ በዚህ ምክንያት አይፈርስም፤ ናሲዮን አዲስ ነገር ነው የሚለው አባባል በ1812ም ቢለካ እውነት ነው። የሚፈርሰው 1884ን እንደ መለኪያ የመጠቀሙ ዘዴ ነው። አንድ ፍቺ በመዝገበ ቃላት የገባበት ዓመት ቃሉ በሕዝብ አንደበትና በጽሑፍ የተለወጠበት ዓመት ነው ብሎ መውሰድ አይቻልም። የአካዳሚ መዝገበ ቃላት በጠባዩ ወግ አጥባቂ ነው፤ ያለፈውን እትም ይገለብጣል፣ አዲሱን ፍቺ እስኪጸና ይጠብቃል፣ አንዳንዴም ፖለቲካው ያስፈራዋል። ይህን በሥራ ላይ ያለ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የ1884ቱ እትም የሚነግረን ስለ አካዳሚው ድፍረትና ዝግታ ጭምር ነው። ትክክለኛው መንገድ ከእትሞቹ ጐን የሕጎችን፣ የጋዜጦችንና የስብከቶችን አጠቃቀም በየዓመቱ መዘርዘር ነበር።

4. ምስክሩ ባለጉዳይ ሆኖ ሲገኝ

ሁለተኛው ሂሳችን ከፊተኛው ይከብዳል። የስፔንና የፈረንሳይ አካዳሚዎች መንግሥት አስቀድሞ በጸናበት አገር ተቀምጠው ቃላትን የመዘገቡ ናቸው። ከራይን ወንዝ ወደ ምሥራቅ ስንሻገር ግን ሁኔታው ተገልብጦ እናገኘዋለን። በዚያ መንግሥቱ ገና ሳይኖር መዝገበ ቃላቱ ይዘጋጃል፤ አዘጋጁም የናሲዮኑን ወሰን ከሚያሰምሩት ሰዎች አንዱ ይሆናል።

ያኮብ ግሪምን እንመልከት። ከወንድማቸው ከቪልሄልም ጋር የጀርመንኛን ታላቅ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት የጀመሩት በ1838 ሲሆን የመጀመሪያው ቅጽ በ1854 ወጣ። በዚህ መካከል፣ በ1846 በፍራንክፈርት በተሰበሰቡት የጀርመን ሊቃውንት ጉባኤ ላይ፣ ግሪም ሕዝብ ማለት አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ጠቅላላ ስብስብ ነው የሚል ብያኔ ሰጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ በተከፈተው የጀርመን ብሔራዊ ሸንጎ ውስጥ አባል ሆነው ተቀመጡ፤ የሽሌስቪግ ግዛት የዴንማርክ ነው ወይስ የጀርመን የሚለውም ጥያቄ ከሸንጎው ዋና ዋና ጉዳዮች አንዱ ነበር። የመዝገበ ቃላት ብያኔ ከጉባኤ አዳራሽ ወደ ድንበር ክርክር ለመድረስ ሁለት ዓመት ብቻ ፈጀበት።

ቩክ ካራጂችም በ1818 በቪየና የሰርብኛን መዝገበ ቃላት በጀርመንኛና በላቲን ፍቺ አሳተሙ፤ ከ26,000 በላይ ቃላት ይዞ ነበር። ካራጂች የመረጡት የቤተ ክርስቲያኑን የጽሕፈት ቋንቋ ትተው የገበሬውንና የእረኛውን አነጋገር ነው፤ ፊደሉንም በዚያው ልክ አስተካከሉ። ይህ ለቋንቋ ጥናት የተሠራ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በ1849 ባሳተሙት ጽሑፍ የሽቶካቭኛን ቀበልኛ የሚናገሩ ሁሉ፣ ኦርቶዶክስም ካቶሊክም እስላምም ቢሆኑ፣ ሰርቦች ናቸው ብለው ተከራከሩ። ብዙ ክሮኤሽያውያን ይህን አልተቀበሉትም። ቀበልኛን ለመመደብ የወጣ የሙያ መለኪያ በአንድ እርምጃ ሰዎችን ለመመደብ ዋለ።

በቦሄሚያ ደግሞ ዮሴፍ ዩንግማን ከ1834 እስከ 1839 የቼክኛና የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት በአምስት ቅጽ አወጡ። ለሳይንስና ለሥነ ጽሑፍ የሚያስፈልጉ ቃላት ከፖላንድኛና ከሩስኛ ጭምር እየተወሰዱ ቋንቋውን እንዲያበለጽጉ ተደረገ። ይኸው ሊቅ ገና በ1806 በጻፏቸው ስለ ቼክኛ የሚናገሩ ጭውውቶች ቦሄሚያዊነትን ከምድሩ ይልቅ ከቋንቋው ጋር አስተሳስረውት ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ጀርመንኛም ቼክኛም ቢናገር የዚያች ምድር ተወላጅ በመሆኑ ብቻ ቦሄሚያዊ ሊባል ይችል ነበር። በ1848 የታሪክ ሊቁ ፍራንቲሼክ ፓላትስኪ የፍራንክፈርቱ ጉባኤ ሲጠራቸው፣ እኔ የስላቭ ዘር የሆንኩ ቦሄሚያዊ ነኝ ብለው ግብዣውን አልተቀበሉም። ሁለቱ ፍቺዎች፣ የምድርና የዘር፣ በአንድ መልስ ውስጥ ተገናኝተው መታየታቸው የቃሉን የሽግግር ጊዜ ያሳያል።

ሆብስቦም ይህን አያውቁም ማለታችን አይደለም። በሁለተኛው ምዕራፋቸው የብሔር ቋንቋ የሚባለው ሁሉ በአመዛኙ በሰው እጅ የተበጀ መሆኑን አብራርተው ጽፈዋል፤ የቼኩ ሊቅ ሚሮስላቭ ህሮክ በ1968 ያሳተሙትን የሦስት ደረጃ ትንተናም ተቀብለዋል፤ ይኸውም በመጀመሪያ ሊቃውንት ቃልና ተረት ይሰበስባሉ፣ በሁለተኛው ቀስቃሾች ይነሣሉ፣ በሦስተኛው ብዙኃኑ ይከተላል የሚል ነው። የምንነቅፈው ሁለቱን ምዕራፎች ሳያገናኙ መተዋቸውን ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ መዝገበ ቃላት ሙቀት እንደሚለካ መሣሪያ ገለልተኛ ሆኖ ይቀርባል፤ በሁለተኛው ቋንቋን የሚያበጀው ሊቅ ይታያል። ለካው መሣሪያ ራሱ እሳቱን ከሚያነዱት አንዱ ሊሆን እንደሚችል የሚናገር ዐረፍተ ነገር ግን አላገኘንም።

5. ቍጥርና ስያሜ

ሦስተኛው ነጥብ ቍጥርን ይመለከታል። ሆብስቦም ጣሊያን በ1861 አንድ ስትሆን ጣሊያንኛን ለዕለት ኑሮ የሚጠቀመው ሕዝብ ከመቶ 2.5 ብቻ እንደ ነበር ይጠቅሳሉ። ቍጥሩ ቱሊዮ ዴ ማውሮ በ1963 ካወጡት ግምት የመጣ ነው። ነገር ግን አሪጎ ካስቴላኒ በ1982 ይህን ግምት እንደ ገና መርምረው ወደ 10 ከመቶ ያህል ከፍ አድርገውታል። የልዩነቱ ምክንያት የሕዝብ ቈጠራ ስሕተት አይደለም፤ «ጣሊያንኛ የሚናገር» የሚለው ሐረግ ፍቺ ነው። ዴ ማውሮ ዋና መለኪያ ያደረጉት የትምህርት ቤትን እውቀት ሲሆን፣ ካስቴላኒ የአነጋገራቸው ቅርበት ይበቃል ብለው የቶስካናን ተናጋሪዎች በስፋት ቈጠሩ። በ1990 የወጣ መጽሐፍ ይህን ክርክር ማንሣት ነበረበት።

በፈረንሳይም አቤ ግሬጓር በ1794 ለአብዮቱ ሸንጎ ባቀረቡት ዘገባ ቢያንስ 6 ሚሊዮን ሰው ፈረንሳይኛ እንደማያውቅ፣ ያን ያህሉም ተከታታይ ንግግር ለማድረግ እንደማይችል፣ አጥርተው የሚናገሩት ከ3 ሚሊዮን እንደማይበልጡ ገልጸዋል። አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 17 ቀን 1789፣ ሦስተኛው መደብ ራሱን ብሔራዊ ሸንጎ ብሎ ሲሰይም ማንም የቋንቋ ፈተና አልሰጠም። ናሲዮን በፈረንሳይ መጀመሪያ የዜጎች አካል ሆኖ፣ ቋንቋ በኋላ የተጨመረበት መሆኑን ከእነዚህ ሁለት ዓመታት መረዳት ይቻላል።

ስያሜ ቍጥርን እንዴት እንደሚወልድ ከኦስትሪያና ከሀንጋሪ ይበልጥ ግልጽ ምሳሌ የለም። በ1880 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ኦስትሪያ «የዕለት መግባቢያ ቋንቋህ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቅ፣ ሀንጋሪ «የአፍ መፍቻ ቋንቋህ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። በቪየና በጀርመናዊ ፋብሪካ የሚሠራ ቼክ በፊተኛው ጥያቄ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፤ በኋለኛው ቼክ ነው። ሆብስቦም ይህን የቈጠራ ጉዳይ በሦስተኛው ምዕራፍ በሚገባ ተንትነውታል፤ ከመጽሐፉ ምርጥ ገጾች እንቈጥረዋለን።

6. ሁለት መዝገበ ቃላት፣ ሁለት ዕጣ

ደራሲው በ1990 እትም መጨረሻ ላይ ብሔርተኝነት የታሪክ ዋና አንቀሳቃሽ የነበረበት ዘመን እያለፈ ነው የሚል ግምት ሰጥተዋል። በ1991 ሶቪየት ኅብረት በ15 መንግሥታት ተተካች፤ በዚሁ ዓመት ዩጎዝላቪያ መፈራረስ ጀመረች፤ ቼኮዝሎቫኪያም ከጥር 1 ቀን 1993 ጀምሮ ለሁለት ተከፈለች። በ1992ቱ እትም ደራሲው ክስተቶቹን ቢያነሡም ግምታቸውን በመሠረቱ አልተዉም።

የወደፊቱን አላወቁም ብሎ አንድን የታሪክ ሊቅ መውቀስ ተገቢ አይደለም። ዳሩ ግን በመጀመሪያው ምዕራፍ የጠሩትን ምስክር እስከ መጨረሻው ቢያዳምጡት አንድ ነገር ይነግራቸው ነበር። በ1954 በኖቪ ሳድ በተደረገው ስምምነት የሰርቦችና የክሮኤሽያውያን የጽሕፈት ቋንቋ አንድ ነው ተብሎ የጋራ መዝገበ ቃላት እንዲዘጋጅ ተወሰነ። ሥራውን የያዙት ማቲትሳ ሰርፕስካና ማቲትሳ ህርቫትስካ የተባሉት የሁለቱ ወገን የባህል ማኅበራት ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጾች በ1967 ወጡ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የክሮኤሽያ ማኅበራትና ሊቃውንት ስለ ቋንቋቸው ስምና ይዞታ መግለጫ አወጡ። የጋራው ሥራ ተቋረጠ፤ የሰርቡ ወገን ብቻውን ቀጥሎ ስድስተኛውን ቅጽ በ1976 ፈጸመ። መንግሥቱ ከመፍረሱ ከሃያ ዓመት በላይ አስቀድሞ መዝገበ ቃላቱ ፈርሷል።

ከዚህ ጋር የግሪምን ሥራ እናነጻጽር። ጀርመን በ1949 በሁለት መንግሥታት ከተከፈለች በኋላ የምሥራቅ በርሊንና የምዕራቡ የጐቲንገን ክፍሎች ሥራውን ተካፍለው ቀጠሉ፤ በ1838 የተጀመረውንም መዝገበ ቃላት በ1960 ፈጸሙት። በአንድ መንግሥት ውስጥ የነበረው መዝገበ ቃላት ተከፈለ፤ በሁለት ተቃራኒ መንግሥታት መካከል የነበረው ተጠናቀቀ። መንግሥታቱ የፈረሱትና የተዋሐዱት በመዝገበ ቃላት ምክንያት ነው አንልም። አዘጋጆች በአንድ ቃል ፍቺ መስማማት ሲያቅታቸው ከፍቺው በስተ ጀርባ ሌላ ክርክር መኖሩን ግን ሁለቱ ታሪኮች ይመሰክራሉ።

7. በአማርኛ እንዴት እንበል?

አሁን ከመነሻው ወደ ተውነው የርእስ ጥያቄ እንመለስ። አማርኛ ናሲዮንንና ዘመዶቹን እስካሁን በአራት መንገድ ተርጉሟል። በኒውዮርክ የሚገኘውን ድርጅት «የተባበሩት መንግሥታት» ስንል ናሲዮን መንግሥት ሆኗል። «ብሔራዊ ባንክ» እና «ብሔራዊ መዝሙር» ስንል የመላው አገር ማለታችን ነው። በፓስፖርት ላይ «ዜግነት» ሆኗል። «ብሔር» ስንል ግን ብዙ ጊዜ በአገሪቱ ውስጥ ካሉት የቋንቋና የባህል ማኅበረሰቦች አንዱን ማለታችን ነው። እንግዲህ «ብሔራዊ» የሚለው ቅጽል ወደ ጠቅላላው ሲያመለክት፣ የወጣበት ስም «ብሔር» ወደ ክፍሉ ያመለክታል።

የዚህ ምክንያት ታሪካዊ ነው። በግእዝ ብሔር ማለት ምድር፣ አገር፣ ዓለም ማለት ነው፤ «እግዚአብሔር» እና «ብሔረ ሕያዋን» የሚሉት ይመሰክራሉ። «ብሔራዊ» የተበጀው ከዚህ የምድር ፍቺ ነው። «ብሔር» የሰዎች ማኅበረሰብ መጠሪያ ሆኖ የገነነው ግን በተማሪዎች እንቅስቃሴ ዘመን፣ በ1913 በስታሊን ጽሑፍ ከተሰጠው ብያኔ ጋር ነው፤ ይህም ብያኔ የጋራ ቋንቋን፣ ምድርን፣ የኢኮኖሚ ኑሮንና በባህል የሚገለጥ የጋራ ሥነ ልቡናን ይጠይቃል። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም «ብሔረሰብ» የሚለውን ቃል በመንግሥት ሰነድ አጸናው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ብሔርን፣ ብሔረሰብንና ሕዝብን ሦስቱንም በአንድ ብያኔ ሥር በአንቀጽ 39 አስቀምጧል። ሆብስቦም የስታሊንን ብያኔ ከሚታወቁት ብያኔዎች አንዱ አድርገው ይጠቅሱታል፤ በአማርኛ ግን ከአንዱ አልፎ ቃሉ ራሱ ሆኗል።

ውጤቱ ምን እንደ ሆነ በሁለት ምሳሌ እናሳይ። የ1789ኙ የሰብአዊና የዜጎች መብት መግለጫ ሦስተኛ አንቀጽ የበላይ ሥልጣን ሁሉ ምንጭ በናሲዮን ዘንድ ነው ይላል። ይህን «በብሔር ዘንድ ነው» ብለን ብንተረጕም፣ የዛሬው አማርኛ አንባቢ እያንዳንዱ የቋንቋ ማኅበረሰብ የበላይ ሥልጣን አለው የሚል ይሰማዋል። ደንጋጊዎቹ ያሰቡት ግን በንጉሡና በመኳንንቱ አንጻር የሚቆመውን የመላ ዜጎች አካል ነው። ሁለተኛው ምሳሌ ኤርነስት ሬናን መጋቢት 11 ቀን 1882 በሶርቦን የሰጡት ንግግር ነው። አልሳስና ሎሬን በ1871 ወደ ጀርመን መወሰዳቸው በብዙዎች አእምሮ ባለበት ወቅት፣ ሬናን ዘርም ቋንቋም ሃይማኖትም ለናሲዮን መሠረት አይበቃም፤ የሚያስፈልገው አብሮ የመኖር ፈቃድ ነው ብለው ተከራከሩ። በአማርኛ «ቋንቋ ብሔርን አያጸናም» ብንል፣ የብሔር ብያኔ አስቀድሞ ቋንቋን ስለሚጨምር ዐረፍተ ነገሩ ከራሱ ጋር ይጣላል፤ አንባቢውም ሬናንን ግራ የተጋቡ ሰው ያደርጋቸዋል። በተቃራኒው የካራጂችን ጽሑፍ «የአገር ሕዝብ» እያልን ብንተረጕም የክርክሩ ልብ የሆነው ቋንቋ ይጠፋል።

አንድ ጽንሰ ሐሳብ በአንድ ስያሜ ይጠራ የሚለውን የስያሜ ጥናት መርሕ እናከብራለን። ነገር ግን መርሑ አስቀድሞ አንድ ጽንሰ ሐሳብ መኖሩን ይጠይቃል። ስለዚህ ለታሪክ መጻሕፍት ትርጕም የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን። ከ1789 በፊት ላለው አጠቃቀም «ወገን» የሚለው ቃል ከገላጭ ጋር ይበቃል፤ «የተማሪዎች ወገን»፣ «የመኳንንት ወገን» እንደ ማለት። ለፈረንሳይ አብዮት፣ ለካዲዝ ሕገ መንግሥትና ለሬናን «የሀገር ሕዝብ» ይባል፤ «ሕዝብ» ብቻውን «ፐፕል» ለሚለው ተይዟልና። ለግሪም፣ ለካራጂች፣ ለዩንግማንና ከ1880 በኋላ ለተነሡት እንቅስቃሴዎች «ብሔር» ተገቢ ነው። በመንግሥታት መካከል ላለው ግንኙነት «መንግሥት» ጸንቷል። «ብሔርተኝነት» የእንቅስቃሴውና የመርሑ መጠሪያ ሆኖ ይቈይ፤ የ1789ኙ ዜጋ ለአብዮታዊት አገሩ ያለው ስሜት ግን «አገር ወዳድነት» ቢባል ከፓትሪያ ጋር ያለው ዝምድና ይጠበቃል። የቃሉ መለዋወጥ ራሱ ርእሰ ጉዳይ በሆነበት መጽሐፍ፣ እንደ ሆብስቦም ባለው፣ «ናሲዮን» እንዳለ ገብቶ በመቅድም ይብራራ።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። በተርጓሚው ምርጫ ምክንያት፣ የአውሮፓ አንባቢ በአንድ ቃል ውስጥ የሚያየው ቀጣይነት ለአማርኛ አንባቢ ይጠፋበታል የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው። ፈረንሳዊው በ1789 እና በ1882 አንድ ቃል በማየቱ ሐሳቡም አንድ ይመስለዋል፤ ብሔርተኝነትም ኃይሉን ያገኘው በከፊል ከዚህ መምሰል ነው። መድኃኒቱ ግን በመጀመሪያ መግቢያው ቦታ ላይ «ናሲዮን» የሚለውን በቅንፍ ማስገባትና በመጽሐፉ መጨረሻ የስያሜ ዝርዝር ማያያዝ ነው እንጂ ሁሉንም በአንድ ቃል መሸፈን አይደለም።

ከመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የሚጠበቀው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። «ብሔር» የሚለው ቃል በሚመዘገብበት ጊዜ የግእዙ የምድር ፍቺ፣ የ«ብሔራዊ» የመላ አገር ፍቺና የማኅበረሰቡ ፍቺ እያንዳንዳቸው በተራ ቍጥር፣ ከየዘመናቸውና ከተገኙበት ጽሑፍ ጋር ሊቀመጡ ይገባል። የአንድ ዘመን ፖለቲካ የሰጠውን ብያኔ ያለ ዓመተ ምሕረት ማስፈር፣ ያ ብያኔ ከጥንት የነበረና ለዘለዓለም የሚኖር እንዲመስል ማድረግ ነው። የሆብስቦም መጽሐፍ፣ የጠቀስናቸው ጕድለቶች ቢኖሩበትም፣ ናሲዮን የተባለው ነገር የልደት ዘመን እንዳለው አስተምሮናል። የቃሉንም የልደት ዘመን መዝግቦ ማኖር የእኛ ሥራ ነው።